የረጅም ርቀት ዒላማ ተኩስ ለሚማር ሰው የትኛው በርሜል ይስማማዋል?

ጠያቂያችን ባሕር ዳር ተወልደው ያደጉ፣ አሁን ግን በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖሩና እዚያ የአንድ ሕጋዊ የዒላማ ተኩስ ክበብ አባል የሆኑ ሰው ናቸው። ለገና በዓል ወደ ቤተሰባቸው መጥተው ሳለ የላኩት ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። «308 ዊንቸስተር የተባለውን ጥይት የሚተኩስ፣ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ አለኝ። በርሜሉ ለአደን የተሠራ ቀጭን ነው፤ አምስት ስድስት ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ሲግል ቀዳዳዎቹ በወረቀቱ ላይ ይበታተናሉ። ክበባችን እስከ 600 ያርድ (550 ሜትር ገደማ) ድረስ በየሳምንቱ፣ 1000 ያርድ ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ያስተኩሳል። በርሜሉን ልቀይር ስል ሻጩ ሦስት አማራጭ አቀረበልኝ፤ ወፍራም 308፣ ወፍራም 6.5 ክሪድሙር፣ እንዲሁም በካርቦን ፋይበር የተጠቀለለ ባለ 28 ኢንች 300 ዊንቸስተር ማግነም። ርቀት ለመማር ኃይለኛው አይሻልም ወይ? ስመለስ የትኛውን ልግዛ?»

ለመማር ኃይለኛው አይሻልም። እኔ የምመክርዎት ወፍራሙን 308 ነው፤ ርዝመቱ 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሴንቲ ሜትር፣ የውስጥ ጥምዙም፣ ማለትም አረሩን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ፣ 1 በ10 ቢሆን መልካም ነው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ምክንያቱን የተረዳ ሰው ነገ ሌላ ሻጭ ሌላ ዕቃ ሲያቀርብለት ራሱ መመዘን ስለሚችል ነው። እኔ ዛሬ ባሕር ዳር የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በውጭ አገር በርሜል በሚሠራ ድርጅት ውስጥ በቶርኖና በረጅም መብሻ ማሽን ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን የማየው ከተኳሹ ይልቅ ከብረቱ ወገን ሆኜ ነው።

አስቀድመን 300 ዊንቸስተር ማግነምን ከምርጫው እናውጣ፤ ሻጩ ይህን በርሜል ለእርስዎ ጠመንጃ ማቅረቡም ተገቢ አልነበረም። የ308 ቀለህ መቀመጫው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ የማግነሙ ግን 13.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አሁን ያለዎት መቀርቀሪያ የማግነሙን ቀለህ አይይዝም። ሙሉ ጥይቱም ቢሆን 308 ወደ 71 ሚሊ ሜትር፣ ማግነሙ ደግሞ ወደ 85 ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም በካዝናዎ ውስጥ አይገባም። ይህ ማለት በርሜል ሳይሆን አዲስ ጠመንጃ መግዛት ነው። 6.5 ክሪድሙር ግን የተወለደው ከዚያው ከ308 ዘር ስለሆነ መቀርቀሪያውም ካዝናውም አይለወጥም። እውነተኛው ምርጫ እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በርሜል የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን ብዙ ጀማሪዎች አያውቁም፤ ጠመንጃ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ነገር እንግዳ ይመስላል። በጎጃም ቤቶች ውስጥ የቆዩ ጠመንጃዎች ዕድሜ የጠገቡት ግን ጥቂት ጥይት ስለተተኮሰባቸው ነው። የዒላማ ተኩስ ተማሪ በአንድ ቅዳሜ የሚተኩሰውን ያህል ጥይት አንድ አዳኝ በዓመታት ውስጥ ላይተኩሰው ይችላል። በርሜሉ የሚያልቀውም በአረሩ መፋቅ ብቻ አይደለም። ከጥይት ማደሪያው ፊት ለፊት፣ ጥምዙ የሚጀምርበት ቦታ ጉሮሮ ይባላል። ምላጩ በተሳበ ቁጥር ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ የባሩድ ጋዝ፣ ወደ 4000 ባር በሚጠጋ ግፊት በዚህ ጉሮሮ ላይ ይሮጣል። ብረቱ የሚቀልጠው በ1500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ የቃጠሎው ጊዜ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ብዙም ባይበልጥ ኖሮ አንድም በርሜል አይተርፍም ነበር። እንዲያም ሆኖ በላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ በየጊዜው ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። በቀጭን የመመልከቻ ካሜራ ወደ ውስጥ ሲታይ፣ ያለቀ ጉሮሮ በበጋ ወራት የተሰነጣጠቀውን የፎገራን ጥቁር መሬት ይመስላል። ከዚያ በኋላ ስንጥቆቹ ይሰፋሉ፣ ጥምዙ ከሥሩ እየተበላ ወደፊት ይሸሻል፣ አረሩም ወደ ጥምዙ ከመግባቱ በፊት ረዘም ያለ መንገድ ሳይደገፍ ይጓዛል።

አንድ በርሜል ምን ያህል እንደሚቆይ ለመገመት ሻጭ መጠየቅ አያስፈልግም። በጥይቱ ውስጥ ያለውን የባሩድ ክብደት በበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ማካፈል በቂ ፍንጭ ይሰጣል። 308 ወደ 2.8 ግራም ባሩድ በ0.48 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ያሳልፋል፤ ይህም በካሬ ሴንቲ ሜትር 5.8 ግራም ገደማ ነው። 6.5 ክሪድሙር ከዚህ እምብዛም የማያንሰውን ባሩድ፣ ማለትም 2.7 ግራም ያህል፣ በ0.35 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ስለሚያሳልፍ ወደ 7.6 ግራም ይደርሳል። 300 ዊንቸስተር ማግነም በዚሁ ስሌት ወደ 9.7 ይጠጋል። በተኳሾች ዘንድ የሚታወቀው የበርሜል ዕድሜም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል፤ 308 ወደ 5000 ጥይት፣ 6.5 ክሪድሙር ከ2000 እስከ 3000፣ ማግነሙ 1500 ገደማ። ቶሎ ቶሎ የሚተኩስና በርሜሉን ሳያበርድ የሚቀጥል ሰው ከዚህም ያነሰ ሊያገኝ ይችላል።

ለውድድር የበቃ ሰው 2500 ጥይት ይበቃዋል፤ በርሜሉ ሲያልቅ ምልክቱን ያውቃል፣ ሌላ ያስገጥማል፣ ይቀጥላል። ለተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጉሮሮው መበላት ሲጀምር በርሜሉ በአንድ ቀን አይሞትም፤ በመጀመሪያ ከአሥር ጥይት አንዱ ያለ ምክንያት ከሌሎቹ ተለይቶ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሁለቱ። ልምድ ያለው ሰው ምላጩን በትክክል እንደሳበ ስለሚያውቅ ጥፋቱን በርሜሉ ላይ ይጥላል። ተማሪው ግን ያንን ጥይት ያወጣው ትከሻው ይሁን፣ ትንፋሹ ይሁን፣ ነፋሱ ይሁን፣ በርሜሉ ይሁን መለየት አይችልም፤ ስለዚህ ደህና የነበረውን አያያዙን ማስተካከል ይጀምራል፣ በዚያውም መጥፎ ልማድ ይተከልበታል። የተማሪ በርሜል ዋናው ዋጋው እንግዲህ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ጠባዩን አለመለወጡ ነው። ወጪውንም ቢያስቡ፣ በርሜሉ ዕድሜውን እስኪጨርስ የሚተኮሰው ጥራት ያለው ጥይት ከበርሜሉ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ስለሆነም ሻጩ በሚያወራው የበርሜል ዋጋ ልዩነት ላይ ብዙ አይጨነቁ፤ ገንዘቡን ለጥይት ያቆዩት።

የ6.5 ክሪድሙርን መልካም ጎን መደበቅ አልፈልግም። ይህ ጥይት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ሲወጣ የታለመው ለዚሁ ለዒላማ ተኩስ ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ፓልማ የተባለው የረጅም ርቀት ተኩስ ውድድር በ1876 ከተጀመረበት ከኒውዮርኩ የክሪድሙር ሜዳ ነው። አረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል። በሰከንድ 4.5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ1000 ያርድ ላይ 175 ግሬን (15 ግሬን 1 ግራም ያህል ነው) የሚመዝነውን የ308 አረር ወደ 2.4 ሜትር ሲገፋው፣ 140 ግሬን የሆነውን የ6.5 አረር ግን የሚገፋው 1.8 ሜትር ያህል ነው። ለሚወዳደር ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ለሚማር ሰው ግን ነፋሱን በደንብ የሚያሳይ አረር መልካም አስተማሪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በ600 ያርድ ላይ ነፋሱን በ308 ማንበብ የቻለ ሰው 6.5 ሲይዝ ሥራው ይቀልለታል። ሁለት ሁኔታዎች ግን ሐሳቤን ያስለውጡኛል። አንደኛው፣ ጠመንጃው ትከሻዎን ሲመታ ዓይንዎን የሚጨፍኑ ወይም ምላጩን የሚነጥቁ ከሆነ ነው፤ የ6.5 ወደ ኋላ ምት በኃይል ሲለካ በተመሳሳይ ክብደት ጠመንጃ ላይ ከ308 በሩብ ያህል ያንሳል፣ የመበርገግ ልማድ ደግሞ ከሥር ከሰደደ ለመንቀል ዓመታት ይፈጃል። ሁለተኛው፣ ዋና ዓላማዎ 1000 ያርዱ ከሆነ ነው። በሚኒሶታ የበረዶ ወራት አየሩ ከባድ ስለሚሆን የ308 አረር 1000 ያርድ ሳይደርስ ፍጥነቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይወርዳል፤ በዚያ ድንበር ላይ አንዳንድ አረሮች ይንገዳገዳሉ፣ ዒላማው ላይ የሚታየው ውጤትም የተኳሹን ችሎታ በትክክል አያሳይም። በየሳምንቱ የሚተኩሱት በ600 ያርድ ስለሆነ ግን ይህ ችግር የሚገጥምዎት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ውፍረቱ ምንም ጥርጥር አይግባዎት፤ ወፍራሙን ይውሰዱ። አሁን የሚያስቸግርዎት መበታተን ከዚሁ የመነጨ ነው። ከአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ ዘንግ መጠንከር በዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ይጨምራል፣ በርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ይቀንሳል። ውፍረቱን በሩብ ብቻ ቢጨምሩ ጥንካሬው ከሁለት እጥፍ ተኩል ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ በአንጻሩ ከ24 ኢንች ወደ 30 ኢንች ቢያስረዝሙት ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል። ርዝመቱ የሚያስገኘው ፍጥነት በ308 ላይ በእያንዳንዱ ኢንች ከ6 እስከ 8 ሜትር በሰከንድ ቢሆን ነው። ለዚህም ነው 26 ኢንች ያልኩት፤ የፓልማ ተኳሾች 30 ኢንች የሚጠቀሙት በ308 ጥይት 1000 ያርድ ድረስ ከድምፅ በላይ ለመቆየት ሲሉ ነው፣ እርስዎ ግን ያ ግዴታ የለብዎትም። ወፍራም በርሜል ሙቀቱንም በዝግታ ስለሚወስድ፣ ተከታታይ ሃያ ጥይት ሲተኩሱ የመጨረሻው የመጀመሪያው ባለበት አካባቢ ያርፋል። ክብደቱ ደግሞ ለእርስዎ ጥቅም ነው፤ ተራራ የሚወጡበት ሳይሆን ምንጣፍ ላይ ተኝተው የሚተኩሱበት መሣሪያ ነው። ካርቦን ፋይበሩ ጠመንጃ ተሸክሞ ለሚሄድ አዳኝ የተሠራ ስለሆነ ልንተወው እንችላለን።

ወደ ጥምዙ ልግባ፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እንዲጠይቁ የምፈልገው ይህንን ነው። 1 በ10 ማለት አረሩ በበርሜሉ ውስጥ 10 ኢንች ሲጓዝ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል ማለት ነው። አረሩ አፍንጫውን ወደፊት አድርጎ የሚበረው ስለሚሽከረከር ብቻ ነው፤ በሰከንድ 800 ሜትር የሚወጣ አረር ከ1 በ10 በርሜል ሲለቀቅ በሰከንድ ከ3000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። አረሩ በረዘመ ቁጥር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ያወጣው ቀላል ስሌት ለረጅም ጊዜ አገልግሏል፤ ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙት ሚለር የተባለ ሰው ያወጣውን ስሌት ነው፣ እሱም አየሩን ጨምሮ ያሰላል። የስሌቱ ውጤት የአረሩን መረጋጋት ያሳያል፤ ከ1 ሲያንስ አረሩ ይገለበጣል፤ 1.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለዒላማ ተኩስ አስተማማኝ ነው።

አየሩ እዚህ ላይ የሚገባው አረሩን የሚገለብጠው የአየሩ ግፊት ስለሆነ ነው፤ አየሩ በከበደ ቁጥር ያው ጥምዝ ያንስበታል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ዳር አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ1 ኪሎ ግራም በታች፣ 0.95 ገደማ ይመዝናል። ሚኒያፖሊስ ግን ከፍታዋ 250 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚሆንበት የጥር ቀን ያው መጠን ያለው አየር ወደ 1.35 ኪሎ ግራም ይከብዳል፤ ልዩነቱ 40 በመቶ ያህል ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቁጥር አይደለም። ብዙ ተማሪዎች የሚይዙትን 223 ሬሚንግተን የተባለውን አነስ ያለ ጥይት እንውሰድ፤ በርሜሉ 1 በ9፣ አረሩ 77 ግሬን ቢሆን፣ በሚለር ስሌት በባሕር ዳር አየር 1.8 ገደማ የሚያወጣው ጠመንጃ በሚኒሶታ ብርድ ወደ 1.25 ይወርዳል። ጠመንጃው ያው፣ ጥይቱ ያው፣ የተለወጠው አየሩ ብቻ ነው። አረሩ ላይገለበጥ ይችላል፣ ነገር ግን በትንሹ እየተንገዳገደ ስለሚበር አየሩ የበለጠ ይይዘዋል፤ በርቀት ላይ ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ ተማሪውም ምክንያቱን ፍለጋ ይደክማል። በደጋ አገር የሚኖር ተኳሽ «1 በ12 ይበቃል» ቢልዎት ለእሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን በርሜሉን መምረጥ ያለብዎት ለሚተኩሱበት ሜዳ በጣም ቀዝቃዛ ቀን ነው። ለ308 ከ175 ግሬን አረር ጋር 1 በ10 በዚያም ብርድ ከ2 በላይ ስለሚያወጣ ሰፊ ትርፍ አለው። ምርጫዎ ወደ 6.5 ካዘነበለ 1 በ8 ይጠይቁ።

እዚህ ባሉበት ጊዜ ያለ ጠመንጃ ሊማሩት የሚችሉት ነገር ቢኖር ነፋሱን ነው። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው የሐይቁ ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ፣ ነፋሱ ከውኃው ወደ የብስ ሲመጣ በየደረጃው ያዩታል። መጀመሪያ ርቀት ላይ ያለው ውኃ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ የታንኳው ሰው መቅዘፊያውን አጥብቆ ይይዛል፣ ከዚያ በቅርብ ያለው ደንገል ጫፉን ያጎነብሳል፣ በመጨረሻ ነፋሱ ፊትዎ ላይ ይደርሳል። በእጅ የሚያዝ የነፋስ መለኪያ ይዘው፣ መጀመሪያ በዓይንዎ ገምተው ቀጥሎ በመለኪያው ያረጋግጡ፤ ደንገሉ በዚህ መጠን ሲጎነብስ ነፋሱ ስንት እንደሆነ በማስታወሻ ይጻፉ። ዒላማው ጋ የሚነፍሰውና እርስዎ ጋ የሚነፍሰው ነፋስ አንድ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሜዳ አላውቅም።

የተቀሩት ጉዳዮች ባጭሩ ያልቃሉ። ብረቱ የማይዝግም ይሁን ክሮም ሞሊብዲነም፣ ከታወቀ ሠሪ እስከሆነ ድረስ ለተማሪ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥምዙ በስል እየተቆረጠ ቢወጣ፣ በቀዳዳው ውስጥ በሚጎተት ጠንካራ ቁልፍ ተጨፍልቆ ቢወጣ ወይም በመዶሻ ማሽን ቢቀረጽ፣ ከሦስቱም መንገድ እጅግ ጥሩ በርሜል አይቻለሁ። ወሳኙ ብረቱ ከሥራው በኋላ ውስጣዊ ውጥረቱ በሙቀት እንዲለቀቅ መደረጉ ነው፤ ያልተለቀቀ ውጥረት ያለበት በርሜል ሲግል ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። በበርሜሉ ውጭ የሚወጡት ቦዮች ክብደት ለመቀነስና ለውበት ናቸው፤ ገንዘብ አያውጡባቸው።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብዎት። በርሜሉን ገዝተው ለወንድምዎ ወይም ለጓደኛ ለማሳየት በሻንጣ ወደዚህ ይዘው እንዳይመጡ። በአገራችን የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ ማስገባት ያስከስሳል። በአሜሪካም በኩል የጠመንጃ በርሜል ከአገር ሲወጣ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ባዶ ብረት ነው የሚለው ሐሳብ በሁለቱም አየር ማረፊያዎች አያድንም።

ሲመለሱ በርሜሉን የሚያስገጥሙት ፈቃድ ባለው የጠመንጃ ሠራተኛ ዘንድ ይሁን። ጥይቱ በማደሪያው ውስጥ ሲቀመጥ በቀለሁ ጀርባና በመቀርቀሪያው መካከል ያለው ክፍተት በልዩ መለኪያ መረጋገጥ አለበት፤ በሰፋ ጊዜ ቀለሁ ሊቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ስለሚችል ይህ በግምት የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሠራተኛው ፊት አንድ ተራ ወረቀት ለሁለት አጥፈው በበርሜሉና በሰደፉ መካከል ከጫፍ ጀምረው ያንሸራትቱ፤ ወረቀቱ የሆነ ቦታ ከተያዘ እንጨቱ በርሜሉን እየነካው ነው፣ ይስተካከል ይበሉ። ቀጥሎ አፈሙዙን በጥሩ ብርሃን ያገላብጡ። የመጨረሻው ጠርዝ አረሩን ከሁሉ በኋላ የሚነካው ቦታ ስለሆነ፣ በአንድ ወገን ትንሽ ጭረት ካለበት ጋዙ ከዚያ ወገን ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ይገፋዋል። ሲያጸዱም ዘንጉን ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከጥይት ማደሪያው በኩል፣ በመምሪያ ቱቦ ውስጥ አሳልፈው ያስገቡ፤ ብዙ ጥሩ በርሜሎች የተበላሹት በአፈሙዙ በኩል በገባ የጽዳት ዘንግ ነው። አዲሱ በርሜል በመጀመሪያዎቹ መቶ ጥይቶች ፍጥነቱ በጥቂቱ ሊጨምር ስለሚችል፣ የማነጣጠሪያ መነጽርዎን የርቀት ሰንጠረዥ ከዚያ በኋላ ይሥሩት።